ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን

ባለፈው ቅዳሜ ወገቤ ይዞኝ ስነጫነጭ የልጅ ልጄ ሰብለ «አባባ፣ ይኸን ሰውዬ እያየህ ሰውነትህን አፍታታ» ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። ጢሙ የነጣ ሕንዳዊ ሽማግሌ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ፈረንጆችን ደርድሮ ዮጋ ያስተምራል። ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን ፈትቶ ግራ ጫማው ውስጥ ከተተ። ክው አልኩ፤ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ሚስተር ራጃን ነው!

የሒሳብ አስተማሪያችን ነበር። ያን ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ ሕንድ አስተማሪ ብርቅ አልነበረም፤ ዮጋ ግን ብርቅ ነበር። በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ግርማን ጨምሮ ስምንት ልጆች ትምህርት ቤቱ ጓሮ ይሰበስበናል። የድሬ ፀሐይ ገና ስትወጣ ዓይን ታጠፋለች፤ ስለዚህ ጀርባችንን ለሷ ሰጥተን ወደ ግድግዳው እንዞራለን። እኔ የምሄደው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲያልቅ ለሚገዛልን ትኩስ ሳምቡሳ ነበር። ግርማ ግን አስም ነበረበት። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው በነፋስ ሲነሳ ደረቱ እያፏጨ ጥቂት እርምጃ መሄድ ያቅተዋል። ሚስተር ራጃን ቀስ ብሎ በአፍንጫ መተንፈስን አስተማረው። በሦስተኛው ወር ከከዚራ ሰፈር እስከ ቤታችን ሳያርፍ ሮጦ መጣና «አቦ፣ ደረቴ ተከፈተ እኮ!» አለኝ።

ከዚያ «ሕንዱ ልጆቹን ለፀሐይ ያሰግዳል» የሚል ወሬ ተነሳ። ድሬ በፍቅርም በቁጣም አንድ ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ተቆጣ። የባቡር መካኒክ የነበረው አባቴ «ያንን ሰውዬ የደገፈ ልጄ አይደለም» ብሎ ማለ።

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። አባቴ ከነቱታው ተቀምጧል፤ ሚስተር ራጃን ቆሟል።

«ወዴት ነው የሚያዞራችሁ?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

አባቴን አየሁትና «ወደ ፀሐይ» አልኩ።

ሚስተር ራጃን አማርኛ ይሰማ ነበር። «ውሸት ነው» ቢልም «ልጁ ራሱ ተናገረ እኮ!» ተባለ። ከሥራው ተባሮ በሳምንቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ።

አባቴ ያንን አተነፋፈስ ቤታችን ውስጥ ከለከለ። ግርማ ሁለት ቀን ሲያኮርፈኝ ቆይቶ «ለምን ዋሸህ?» አለኝ።

«ፈርቼ ነዋ።»

«እኔስ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አልፈራም?»

በሁለተኛው ዓመት፣ በአቧራው ወራት፣ ግርማ ሐኪም ቤት ሳንደርስ ጋሪ ላይ እጄን እንደጨበጠ ሞተ። የአተነፋፈሱ ትምህርት ቢቀጥል ይተርፍ ነበር? ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም። አለማወቄ ነው የጨረሰኝ።

«ሰውዬውን ታውቀዋለህ እንዴ?» አለች ሰብለ ስልኳን እየተቀበለችኝ። «ጻፍለት፣ ይመልስልሃል።»

ይመልስ ይሆናል። ይቅርም ይለኝ ይሆናል፤ እኔ ያሳጣሁት እንጀራውን ነው፣ እሱም ሌላ አገር አገኘው። ግርማን ግን ዐሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ጥዬው፣ በጤነኛ ሳንባ እየተነፈስኩ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ይኸን ማን ይቅር ይለኛል?