ለቶም የተቀቀለ ንፍሮ

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ አበባን ቀብረን እዚህ በሰው አገር፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ልጅ ንፍሮ ይዛ ዞረች። ዘግኜ አፌ ውስጥ ጨመርኩና ሳቄ መጣ። በለቅሶ ላይ! አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ነውር ነው። ግን እሳቸው ያንን የፓርክዴል ንፍሮ መቼ ያውቁትና!

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ፓርክዴል ሰፈር፣ የሚስተር ዋልተር ቤት ላይኛው ፎቅ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ምድር ቤቱን፣ ቤዝመንቱን፣ የተከራዩት እትዬ አበባ ነበሩ። ከእንግሊዝኛ «ሃሎ» እና «ታንኪው»ን ብቻ ይዘው ሰፈሩን በሙሉ ያስተዳድሩ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሚስተር ዋልተር ደግሞ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ላይ ያገለገሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። የገዛ ቤታቸው በር ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ባለፉበት ቁጥር ጎንበስ ይሉ ነበር። መርከቡ ያስለመዳቸው ነው።

በየዓመቱ በመከር፣ የሜፕል ቅጠል በረንዳውን ሲሞላው፣ በሕይወት ያሉት የመርከቡ ጓደኞቻቸው ሳሎን ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። የአንድ ሟች ስም ይጠራል፤ ትንሽ የናስ ደወል ይመታል፤ ከዚያ ለሟቹ ቅርብ የነበረው ሰው ተነስቶ ሟቹ የሠራውን አንድ አስቂኝ ነገር ያወራል። ማልቀስ የሚባል ነገር የለም። ባሕር ውስጥ ሳሉ ጠላት እንዳይሰማቸው ድምፅ አጥፍተው መቀመጥ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ልቅሷቸውንም እንደዚያው ውጠው ያስቀሩት ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ቶም ሞተ። የመርከቡ ምግብ አብሳይ፣ የሚስተር ዋልተር የልብ ጓደኛ ነበር። ስለ እሱ የሚያወሩት እሳቸው ነበሩ። ከመሰብሰቢያው ቀን በፊት ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠብን ሳለ፦

«አልችልም» አሉኝ። «አፌን ከከፈትኩ አለቅሳለሁ። ቀብሩ ላይም አንድ ቃል አልወጣኝም።»

«ሌላ ሰው ያውራለታ» አልኳቸው።

«ማን ያውቀዋል? መርከቡ ውስጥ አንድ አልጋ ላይ ነው እየተፈራረቅን የተኛነው። እኔ ስነሳ እሱ ይተኛል፤ ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም። እኔ ካላወራሁለት ቶም ዝም ተብሎ ሊያልፍ ነው።» ይህን ብለው ያጠቡትን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመሩ።

ወደ ክፍሌ ልወጣ ስል እትዬ አበባ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«ቅዳሜ ምንድነው ሽር ጉዱ?»

«የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሊያስቡ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ዝም ትለኛለህ? ጎረቤቴ ለቅሶ ተቀምጦ እኔ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ?»

«ኧረ ለቅሶ አይደለም እትዬ፤ ደወል እየመቱ ነው የሚሳሳቁት።»

«አይ የሐዘን ነገር! አእምሯቸውን ነክቷቸው ነው» አሉ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ከዚያ የሟቹን ስም፣ ሥራውን፣ አሟሟቱን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እኔ ሞኙ ለወሬ መስሎኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

ቅዳሜ ሲደርስ ቤቱ የጥብስ ሥጋና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ሸተተ። ሽማግሌዎቹ ሮም የሚሉትን አረቄያቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንድ ስም ተጠራ፤ ደወሉ ተመታ። ሟቹ፣ መርከቡ ጸጥ ማለት ባለበት ሰዓት፣ የሚያንኮራፋ ጓደኛውን አፍንጫ በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ያደረ ሰው ነበር አሉ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ቀጥሎ ጆርጅ የሚባሉት ሽማግሌ «ቶም» ብለው ጠሩና ደወሉን መቱ።

ሚስተር ዋልተር ተነሱ። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ቆሙ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ይሄኔ የቤዝመንቱ በር ተከፈተ። እትዬ አበባ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከብሉር መንገድ ሱቆች በገዙት ስንዴና ሽምብራ የቀቀሉትን ንፍሮ በድስት ይዘው ገቡ። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ደረታቸውን ደቁ።

«ወይኔ ቶም! ወይኔ ወንድሜ!
ባሕር ሆድ ገብቶ ያልፈራ ሞትን፣
ምነው ካልጋው ላይ አጣነው ቶምን።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚስተር ዋልተር ግን ወደ እኔ ዞረው «ምን አሉ?» አሉኝ። እንደምንም ተረጎምኩላቸው። ቁጭ አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። እትዬ አበባ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ይዘው «ያልቅሱ፣ ይውጣልዎት» ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ነው፣ ግን ማን ትርጉም ጠየቀ? ጆርጅም መሃረባቸውን አወጡ።

ሲወጣላቸው ሚስተር ዋልተር ተነስተው አወሩ። ቶም ለካፒቴኑ ልደት ዱቄት እየቆጠበ ትልቅ ኬክ ጋግሮ ነበር። ይዞት ሲገባ መርከቡ ድንገት አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ባሕሩ ጥልቀት መውረድ ጀመረ። ኬኩ ከትሪው አመለጠና ካፒቴኑ ደረት ላይ ተለጠፈ። ቶም ቀጥ ብሎ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠና «ጌታዬ፣ ሻማውን አሁን ልለኩስ?» አለ።

ስተረጉምላቸው እትዬ አበባ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ። «አይ ቶም፣ አፈሩን ያቅልልህ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ወዲያ የነበረው ደስታ ነው። ንፍሮው በሮም ተበላ። ጆርጅ ለሌላም ጓደኛቸው እንዲያለቅሱላቸው ቢለምኗቸው «ሥራውን ሳላውቅ እንዴት ብዬ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተሽቀዳድመው የየሟቹን ገድል ሲያወሩ፣ እሳቸው ሲያለቅሱ፣ ሁላችንም ስንስቅ መሸ። እኔን ትርጉም ጉሮሮዬን አደረቀኝ። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማታ ድስታቸውን ይዘው ሲወርዱ እትዬ አበባ ጠሩኝ።

«የኔ ቀን ሲደርስ እነዚህን ሽማግሌዎች ጥራልኝ። የኛ ሰው ማልቀሱን ያውቅበታል፤ የሚስቅልኝ ግን አላገኝም።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ አበባ በየዓመቱ ይጋበዙ ነበር። ጆርጅንም፣ ሚስተር ዋልተርንም፣ ሌሎቹንም በየተራ በስማቸው አልቅሰው ሸኟቸው። ባለፈው ቅዳሜ የምጠራው አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ራሴ ተነሳሁ። «እትዬ አበባ አንድ ቀን ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ፈረንጅ ደረታቸውን ደቁ» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ፣ ኬኩ ላይ ስደርስ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው የሳቁት ጋ ስደርስ ድምፄ ተዘጋ። ያ ረጅም ሽማግሌ ወንበሩን ጨብጠው የቆሙት ለምን እንደነበር አሁን በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። አለቀስኩ፤ ማንም አልቸኮለብኝም። ሲወጣልኝ ወሬዬን ቀጠልኩ።