ባዶው ሙቀጫ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤት ለመጥራት ልጅ አይላክም ነበር፤ የሚጠራው ሙቀጫው ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ቤታችን ከጋሽ ዘነበ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። ያኔ፣ ፀሐይዋ ጠልቃ የቀኑ ሙቀት ከቆርቆሮው ላይ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ እናቴ የተቆላውን ቡና ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ዘነዘናውን ስታነሳና ስትጥል ግድግዳው ይነዝራል፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ የጋሽ ዘነበ ከዘራ ኳ ኳ ያደርገዋል። መጣሁ ማለታቸው ነው። እናቴም አንድ ስኒ ትጨምራለች።

ጋሽ ዘነበ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ጣርማ በርን ሲወጡና ሲወርዱ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው ወደ በራችን የሚደርሱት፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። መብራት ሲጠፋ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ነው የሚጠፋው፣ በኩራዝ ጭላንጭልና በከሰሉ ፍም መካከል ተቀምጠው ተረት ሲጀምሩ እኔን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያገኘኝም። የሌላ ሰው ጅብ ጫካ ነው የሚኖረው፤ የሳቸው ጅብ መንገድ ዳር ቆሞ ሊፍት ይጠይቃል።

ያን ሰሞን የያዙት ተረት እንዲህ ነበር። አንድ ሾፌር አህዮች ጭኖ ወደ ቆላ ሲወርድ ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ቡልኮ የተከናነበ መንገደኛ እጁን ያነሳለታል። ጉም ነው፣ ፊቱ አይለይም። ሾፌሩ አዝኖ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። የማያውቁት አገር ሄዶ ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ መንገደኛው ገና ከመቀመጡ ወንበሩ ቆረቆረኝ፣ ቁርበት የለህም ወይ ይላል። ሾፌሩ ዞር ሲል ቡልኮው ሸርተት ይልና የጅብ ጆሮ ያያል። ከኋላ የአህዮቹ ኮቴ የጭነቱን ሣጥን፣ ካሶኒውን፣ ያንኳኳዋል። ጅቡም አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ «ምን ጭነሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ዘነበ ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ቀሪው ነገ» አሉ። የት ላይ መቁረጥ እንዳለባቸው ያውቁበታል።

በማግስቱ አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ለእናቴ የቡና መፍጫ ይዛላት መጣች። የእንጨት ሣጥን ናት፣ ከላይ የሚዞር የብረት እጀታ፣ ከሥር ትንሽ መሳቢያ ያላት። «አንቺ ሴት፣ እስከ መቼ ስትወቅጪ ትኖሪያለሽ?» አለቻት። እናቴ ትከሻዋን ያማት ስለነበር ደስታዋን አልደበቀችም። መፍጫዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እጀታውን ስታዞር የሚሰማው ግርርር የሚል ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው።

አክስቴ ቶሎ ስለተመለሰች አጠቃቀሙን የሚያሳየን ሰው ግን አልነበረም። መጀመሪያ እናቴ ልመቱን የሚወስነውን ብሎን አጥብቃው ቡናው እንደ ዱቄት ላመ፤ አልሰክን ብሎ ስኒው ውስጥ ጭቃ ሆነ። ቀጥሎ ስታላላው ክክ ብቻ ሆኖ ወጣና ውኃ ውኃ አለ። በሙቀጫ ጊዜ ጆሮዋ ይነግራት ነበር፤ ፍሬው ሲሰበር ይንቋቋል፣ ሲደቅ ድምፁ ይወፍራል፣ ያን ጊዜ ታቆማለች። መፍጫው ሲጀምርም ሲጨርስም ድምፁ አንድ ነው። የሆነ ሆኖ እየቆየች ብሎኑን ለመደችው፤ ሙቀጫውም ጓሮ ወጥቶ የዶሮዎች መቀመጫ ሆነ።

ጋሽ ዘነበ ግን ቀሩ። መፍጫው የገባ ዕለት ማታ እናቴ «ደክሟቸው ይሆናል» አለች። በማግስቱም የሉም። እኔ በሩን በሩን ሳይ አመሸሁ። ጅቡ ምን ጭነሃል ብሎ እየጠየቀ፣ ሾፌሩ ሳይመልስለት፣ ቀናት አለፉ። በመጨረሻ እናቴ በሳህን ንፍሮ አድርጋ ላከችኝ።

ቤታቸው ጨለማ ነበር፤ ከሰል እንኳ አልተያያዘም። «ጠግቤያለሁ በያት» አሉኝ፤ እጃቸው ሳህኑን አልነካውም። ስለ ተረቱ ልጠይቃቸው ስከጅል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «እናትሽ ቡና ስትቆላ ይሸተኛል። ቆልታ ወዴት ይዛው እንደምትሄድ እንጃላት። እኔ ምን አገባኝ።»

ሳህኑ እንደሄደ ሲመለስ የእናቴ ፊት ተለወጠ። በሰፈራችን የጎረቤትን እህል መመለስ ከስድብ አይተናነስም። «ምን በደልኳቸው?» አለች። «ደጄ እንደሆነ ክፍት ነው። አንድ ቀን ጠርቻቸው አላውቅም፣ ዛሬ እንደ ባዳ ልጥራቸው?» እሷ ከወዲህ፣ እሳቸው ከወዲያ ተኮራረፉ። እኔ ፈራሁ፤ የፈራሁትም ለተረቱ ብቻ አልነበረም። ያ እሳት የሌለበት ቤት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ተኝቼ ያሉትን ሳመላልሰው ነገሩ ገባኝ። የቡናው ሽታ ይደርሳቸዋል፣ ከሽታው በኋላ የሚመጣው ድምፅ ግን የለም። ሰው ቡና ቆልቶ ዝም ካለ ምን ይባላል?

በማግስቱ ማታ እናቴ ፈጭታ ጀበናውን ጥዳ ሳለች ጓሮ ወጣሁ፤ ዶሮዎቹን አባርሬ ሙቀጫውን እየገፋሁ አስገባሁትና ግድግዳው ሥር አቆምኩት። ከዚያ ዘነዘናውን በሁለት እጄ ይዤ መውቀጥ ጀመርኩ።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ባዶ ሙቀጫ ይወቀጣል?» አለች እናቴ። አላቆምኩም። «ተይ፣ ደግ አይደለም እኮ...» ስትል ግድግዳው ከወዲያ በኩል ኳ ኳ አለ።

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። ሙቀጫውን አየች፣ መፍጫውን አየች። ከዚያ አንድ ስኒ ጨመረች።

ጋሽ ዘነበ ገብተው እንደተቀመጡ እናቴ መፍጫዋን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ዳበሷት፣ እጀታዋን አዞሩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይቺ ናት ያጣላችን?» አሉ።

«እኔስ አልተጣላሁም፣ ጋሽ ዘነበ። አንቱን ደብቄ ብጠጣ ሊወርድልኝ ነው?»

«ይሸታል፣ ዝም ይላል። አረጀህ፣ ሰው ሰለቸህ አልኩ ለራሴ» አሉ፤ ቀጥለውም አቀርቅረው ቡናቸውን ጠጡ። «ዛሬስ ምን ስትወቅጪ ነው ታዲያ?»

«ባዶ ነበር» አልኩ እኔ።

ያን ማታ ተረቱን ጨረሱልኝ። ጅቡ ምን ጭነሃል ሲለው ሾፌሩ «ባዶ ነው» አለ። «ታዲያ ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ቢለው፣ «ባዶ ስለሆነ ነዋ፤ ባዶ ነገር አይደል የሚጮኸው» አለው። ጅቡም ባዶ መኪና ምን ያደርግልኛል ብሎ ደብረ ሲና ላይ ወረደ። እናቴ ስቃ ስቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ያንን መጨረሻ እዚያው እንደፈጠሩት እስከ ዛሬ አምናለሁ። ሙቀጫው ባዶ እንደነበር እስኪሰሙ ድረስ ሾፌሩ የሚለውን እሳቸውም አያውቁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ቡናውን በመፍጫ ትፈጭና ባዶውን ሙቀጫ ጥቂት ጥቂት ትመታዋለች። ጋሽ ዘነበ ካረፉ በኋላም አልተወችም። ቤታቸውን የተከራየ ወጣት አስተማሪ አንድ ማታ በራችን ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ሁልጊዜ የሚወቀጠው ምንድን ነው?» ቢላት፣ «ሰው እየጠራሁ ነው። ግባ፣ ደርሷል» አለችው። ገባ፤ ሲገባም ኖረ።

እኔ ትዳር ይዤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስገባ የራሴን መፍጫ ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ለጀበና የሚሆን፣ እንዳያልም እንዳይሻክርም የሚስተካከል ፈለግኩ። ሻጩ ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ የሚያብረቀርቅ አወረደልኝ። «ይኼኛው ድምፅ የለውም፣ እትዬ» አለኝ፤ «ጎረቤት እንኳ አይሰማም።»

«የሚሰማው የትኛው ነው?» አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ኋላ ግን ከታችኛው መደርደሪያ አንዱን አውጥቶ ሰጠኝ። ያኔ ከአዲሱ ቤቴ ግድግዳ ወዲያ ማን እንደሚኖር ገና አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ማታ መፍጫውን ግድግዳው ጋ አስጠግቼ አስነሣሁት፤ ግድግዳው ነዘረ። በሩን ገርበብ አደረግኩና አንድ ስኒ ጨመርኩ።