የሸዋነሽ የክርስትና ልጅ

ሸዋነሽ ሞጣ ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። እጇ ባለሙያ ነው፤ ቅናቷ ግን አያድርስ ነው። ጓደኛዋ ሳባ ከሌላ ሴት ጋር ስትስቅ ካየች ያን ቀን መርፌ ሳትሰብር አትውልም። ሸዋነሽ ራሷ አልወለደችም። ሳባ ግን «ሴት ልጅ ከሰጠኝ ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» ብላት ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሸዋነሽም ነጩን የክርስትና ቀሚስ በገዛ እጇ ሰፋች። ክርስትና እናት አንዴ ከሆነች ሆነች፤ ነገ በሌላ አትለወጥም። ይህን ደግሞ ሸዋነሽ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የክርስትናው ዕለት ማለዳ፣ ደን በከበበው አምባ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወጡ። የሳባ የአክስት ልጅ ጸደንያም ከባሕር ዳር መጥታለች። ዳገቱ ሲጀምር ሳባ ሕፃኗን ለጸደንያ አስታቀፈቻት። በቃ፣ የሸዋነሽ አንጀት አረረ። ለዚች ዘመናይ ተለወጥኩ አለች በሆዷ።

እዚያው መጠየቅ ስትችል አኮረፈች። ካህናቱ እስኪዘጋጁ ከቅጥሩ ወጣችና በጥዱና በወይራው መሀል አልፋ ሰው ፎቶ የሚነሣበት የገደል አፋፍ ላይ ተቀመጠች። የዓባይ ሸለቆ ከታች ተንጣሏል፤ ደመናው እንኳ ከእግሯ በታች ነው። እንዲህ ያለውን አገር ለማየት ሰው ከስንት ቦታ ይመጣል፤ ለሷ የሚታያት ግን የጸደንያ ክንድ ብቻ ነው።

«ሸዋነሽ! ኧረ ሸዋነሽ!» የሳባ ድምፅ ነው፣ ከደኑ ውስጥ።

ደስ አላት። ትፈልገኝ፣ ትለማመጠኝ ብላ ዝም አለች። ሳባ ደግማ ተጣራች። ይሄኛውማ ይበልጥ ጣፈጣት። መጥታ እጄን ካልያዘች አልነሣም ብላ ቆረጠች።

ሳባ ግን አልመጣችም። ጥሪውም ቆመ፤ ብዙ ቆይቶ ከቤተ ክርስቲያኑ የካህናቱ ዜማ ተሰማ። ያኔ ደነገጠች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች።

ስትደርስ ሕፃኗ ተጠምቃ፣ ሸዋነሽ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ማተብ አስራ በጸደንያ እቅፍ ውስጥ ናት። ክርስትና እናቷ ጸደንያ ሆናለች።

ሳባ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የት ጠፋሽብኝ? መምሬ ገብረ ኪዳን ‹ቅዳሴ ሊገባ ነው፣ አንጠብቅም› አሉ። እኔ እኮ ዳገቱ እንዳያደክምሽ ብዬ ነው ጸደንያን ያሸከምኳት። ያን ሁሉ ስጣራ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም» አለች ሸዋነሽ።

ሳባ እቅፍ አደረገቻት። «እሱንማ አውቃለሁ። ብትሰሚማ መች ትቀሪ ነበር።»