ከስካይዌይ እስከ ቢከን ሂል፦ የጋሽ ወርቁ ኳስና የቼኳ እንግዳ

ስካይዌይ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ሰማዩ ገና አልለየለትም። መኪናዬን አስነስቼ ራሴን እታዘባለሁ። ዛሬ የምንሄድበት ሜዳ ቢከን ሂል ነው፤ ከቤቴ ቅርብ። እኔ ግን የሲያትልን ሐይቅ ዞሬ ልደርስበት ነው። መጀመሪያ ሌክ ሲቲ ሄጄ ጋሽ ወርቁን፣ ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ ሬድመንድ ያረፈች እንግዳ አነሣለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ስጭን ከርሜ በእረፍት ቀኔም ሰው ልጭን! ምን ላድርግ፣ ጋሽ ወርቁ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ እሳቸውን እምቢ የሚል አፍ የለኝም።

ሌክ ሲቲ፣ 12 ሰዓት ከሩብ

ጋሽ ወርቁ ከአፓርትመንታቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ሹራብ፣ ነጭ ኮፍያ።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋስ?»

«ዝም ብለህ ንዳ!»

የኳሶቻቸውን ቦርሳ ከኋላ እንዳስቀምጥ እንኳ አልፈቀዱም። ጭናቸው ላይ አድርገው ቀበቶ አሰሩ።

ጨዋታው ሎን ቦውልስ ይባላል። በአጭሩ የተቆረጠ ሣር ላይ ጃክ የምትባል ትንሽ ነጭ ኳስ ትቀመጣለች። ትልልቆቹን ኳሶች እያንከባለሉ ማን ይበልጥ ይጠጋታል ነው ነገሩ። ችግሩ፣ ኳሱ ሲሠራ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን እንዲያደላ ስለሚደረግ በቀጥታ አይሄድም፤ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ጋሽ ወርቁ ጡረታ እንደወጡ በአጥር በኩል አይተው የወደዱት በዚህ ነው። «እንደኛ ሰው ነው፤ የመጣበትን ጉዳይ ቶሎ አይነግርህም» ይላሉ።

ዛሬ ግን ቀልድ የለም፤ ከአውሮፓ ከመጡ ተጫዋቾች ጋር ግጥሚያ አለ። ክለባቸው በሚመጣው ሰመር አውሮፓ ሄዶ ይጫወታል፤ የቀረችው አንድ ቦታ ናት። ካፒቴኑ «ዛሬ እንግዳህን ካሸነፍክ ያንተ ናት፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ» ብሏቸዋል።

«በጣም ጓጉተዋል አይደል?» አልኳቸው።

ቦርሳቸውን አቀፍ አደረጉ። «ሃያ ዓመት ኤርፖርት ዊልቼር ገፋሁ። ለንደን የሚሄደውን፣ ሮም የሚሄደውን፣ ሁሉንም በሩ ድረስ አድርሼ፣ በሰላም ግቡ ብዬ እመለሳለሁ። እኔ ግን እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ በዚያ በር አልፌ አላውቅም፣ ደሬ።»

አንጀቴን በሉት።

ሬድመንድ፣ 1 ሰዓት ከሃያ

ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ድልድዩ ግን አይተኛም፣ ቶሉን፣ የማለፊያውን ሂሳብ፣ ቆርጦብናል። ቅዳሜ ስለሆነ ባጅ አንጠልጥሎ የሚርመሰመሰው የሶፍትዌር ሕዝብ የለም። ሆቴሉ በር ላይ የምትጠብቀን ኢቫ ብቻ ናት፦ ሃምሳ ግድም የሆናት፣ ከቼክ የመጣች የጥርስ ሐኪም፣ የጋሽ ወርቁም የዛሬ ተጋጣሚ። ጋሼ የፊቱን ወንበር ለቀውላት ከኋላ ገቡ። በእንግሊዝኛ ወሬ ጀመርን።

«ስንጀምር የከተማችን ሰው ሣር ላይ ቀለበት የጠፋብን ይመስለው ነበር» አለች እየሳቀች። «ጨዋታው የእንግሊዞች ነው። ጡረተኞቻቸው ወደ ስፔን፣ ወደ ማልታ፣ ወደ ቆጵሮስ ይዘውት ሄዱ። አሁን ስዊድኑም ጀርመኑም ይጫወታል። ሣር ያጣ ምንጣፍ ላይ ያንከባልላል!»

«የእናንተ ክለብስ?» አሏት ጋሽ ወርቁ።

«ጎበዞች ነን። ችግራችን አራት ሰው ለሚጫወተው ጨዋታ ሦስት መሆናችን ነው።»

ጋሼ ከኪሳቸው በሶፍት የተጠቀለለች አንዲት ሳምቡሳ አወጡ። ቁርሳቸው ናት። «እንቺ፣ ብዪ» አሏት። እሳቸውም እኔም «አይ፣ በልቻለሁ» እስክትል ጠበቅን። ኢቫ «ኦ፣ ታንክ ዩ!» ብላ በሁለት ጉርሻ ጨረሰቻት። ጋሼ በመስታወቱ አዩኝ። እኔ መንገዴን አየሁ።

ቢከን ሂል፣ 4 ሰዓት

ካፊያ ይጥላል፤ ለሲያትል ሰው ይሄ ዝናብ አይባልም። ሜዳው ከአውሮፓ በመጡ እንግዶች ሞልቷል። ጋሼና ኢቫ ተናንቀዋል፤ እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻዋ ዙር ደረሰች። የኢቫ ኳስ ከጃኩ በስተግራ ቆመች። የጋሼ ደግሞ ወጣ ብላ፣ ተመልሳ፣ እየተንቀራፈፈች መጥታ በስተቀኝ ቆመች። በዓይን አይለይም! ካፒቴኑ ሜትር ሊያመጣ ሄደ።

በዚህ ጨዋታ ሕግ አንዱ ተጫዋች ነጥቡ «ያንቺ ነው» ካለ ነገሩ አለቀ፤ መለካት የለም። ጋሼ ሕጉን ያውቃሉ። ግን ወግም ያውቃሉ።

«ያንቺ ነው» አሏት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እንግዳ ነሽ።»

እኛ ዘንድ ይሄ የነገሩ መጀመሪያ ነው። እሷ «ኧረ በፍጹም» ትላለች፣ እሳቸው «በሞቴ» ይላሉ፣ እንዲህ ሲጓተቱ ሜትሩ ይደርሳል። ኢቫ ግን «ታንክ ዩ!» ብላ እጃቸውን ጨብጣ ኳሶቹን ማንሣት ጀመረች።

ካፒቴኑ ሲመለስ የሚለካ ነገር የለም። ትከሻውን ሰበቀ። ሕግ ነው፤ ቦታዋ ለሌላ ሰው ሄደች።

«ለወግ እኮ ነው ያልኳት፣ ደሬ!» አሉኝ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንዴ እንኳ አይሆንም አይባልም?» ኳሶቻቸውን አንድ በአንድ እየጠረጉ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቄን ዋጥኩት።

አልቻልኩም። ኢቫን ለብቻዋ ወስጄ ነገሩን አስረዳኋት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ታዲያ ስንት ጊዜ ነው እምቢ የሚባለው?»

«እንደ ሰዉ ነው። እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ ረዘም ይላል።»

ቀጥ ብላ ወደ ጋሼ ሄደች። «በሰመር ለእኛ ክለብ አራተኛ ሆነው ይጫወቱልን። ቤቴ ያርፋሉ።»

ዓይናቸው ቦግ አለ። አፋቸው ግን፣ «ኧረ አይገባም፣ ለምን ትቸገሪያለሽ?»

ኢቫ ዞር ብላ አየችኝ፤ ቀጥይ ብዬ ጠቀስኳት።

«ምንም አልቸገርም።»

«እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይጠፋም።»

«እርስዎን ነው የምፈልገው።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እ... ካልሽማ፣ እሺ።»

ሌክ ሲቲ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ኢቫን ሆቴሏ አድርሰን ስንመለስ ጋሼ መንገዱን ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ የፕራግ በረራ በየትኛው በር ይሆን የሚወጣው? እኔን ይጠይቁኛል፣ ሃያ ዓመት የሠሩበትን ኤርፖርት!

ቦርሳቸውን ይዤ ደጃቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

«ግባ እንጂ፣ ሽሮ ላሙቅልህ።»

«አይ ጋሼ፣ ይቅር፣ ሌላ ቀን።»

«ኦኬ፣ ታንክ ዩ!» ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ከበሩ ጀርባ ሳቃቸው ይሰማኛል። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ እንባቸውን እየጠረጉ ነው።

«በል አሁን ግባ።»

«ታንክ ዩ!» ብዬ ገባሁ።