ሰባት ቤት ሲቆጠር

ወንድምጋሼ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም» ብለው ድርቅ ሲሉ፣ ከዚህ ነገር ደህና ነገር እንደማይወጣ ሆዴ ነግሮኝ ነበር። ደንቡ የወጣው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ከፎርት ዎርዝ ከተማ ሰው ጋር ምን ዝምድና ይኖረናል ብዬ ላስቃቸው ሞከርኩ። አልሳቁም። የልጄ እጮኛ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እሳቸው ማየት የፈለጉት ዝምድናውን ሳይሆን አጥንቱን ነበር። «የባሪያ ዘር ናቸው እኮ» አሉኝ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚሰማ ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ወንድምጋሼ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። እኔው ስፖንሰር ሆኜ ካመጣኋቸው ዓመት አልሞላም፤ እንግሊዝኛ አይችሉም። እሳቸውን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ልጄ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች።

«እማ፣ ሲሪየስ ነኝ። እሱን ካዋረዳችሁት ከቤት ሙቭ አውት አደርጋለሁ፤ አልመለስም።»

ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ በእኔ ወጥታለች። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጮኛዋ ሴት አያቱን ይዞ ኧርቪንግ ከተማ ወደሚገኘው አፓርታማችን መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል። አጠገባችን ወዳለው ማረፊያ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ወንድምጋሼ ለሽምግልና ሴት መምጣቷን አልወደዱትም፤ ቢሆንም ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። ዶሮውን አቀረብኩ፤ ደህና አድርጎ የበላ የለም።

ከዚያ ወንድምጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያንን የሰባት ቤት ጥያቄ ጠየቁ። ልጄ ፊቷ እንደ ጠቆረ በእንግሊዝኛ አስረዳች። እጮኛዋ አባቱን፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን ቆጠረና አጠገቡ ወደተቀመጡት አሮጊት አያቱ ዞረ። አሮጊቷ ተቀብለው አራተኛውን ጨመሩ። አምስተኛው በባርነት የተወለደ ነው፣ የእሱ እናት ደግሞ በመርከብ የመጣች ናት አሉ።

«ሲሸጧት ያወጡላትን ስም ነው የምናውቀው፤ እናቷ ያወጣችላትን አናውቅም። ከእሷ ወዲያ ባሕር ነው።»

ልጄ ለአጎቷ ተረጎመችላቸው። ወንድምጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንግዶቹ ምን ዓይነት ቤት እንደገቡ ይወቁት ብለው የእኛን ይቆጥሩ ጀመር። ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ እንደ ዳዊት አወረዱት። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ደረታቸው ተነፋ።

«እሱማ ጌታ ነበር። ከብቱና ባሪያው የማይቆጠር።»

ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ በየሰርጉና በየለቅሶው ሰምቼዋለሁ፤ የቤታችን ኩራት ነው። ያን ቀን ግን የአሮጊቷን ፊት ላለማየት ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። ልጄ አልተረጎመችም።

«ምን አሉ?» አሉ አሮጊቷ።

ልጄ እኔን አየችኝ። ዋሺ ብላት የምትዋሽልኝ መሰለኝ። አፌን ሳልከፍት ዞር አለችና ቃል በቃል ነገረቻቸው። አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደድኩ። ወንድምጋሼን ትክ ብለው እያዩ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አለች?» አሉኝ ወንድምጋሼ።

«የእነዚያን ባሮች ስም ንገሩኝ ነው የሚሉዎት።»

ወንድምጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አላውቅም። አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ተነሱ፤ ስለ ምግቡም አመሰገኑኝ። ልጄ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻቸው።

በረንዳው ላይ ወጥቼ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ቁልቁል አየኋቸው። ልጄ ከፊት ከእጮኛዋ ጎን አልተቀመጠችም፤ ከኋላ ከአሮጊቷ ጎን ገባች። በሩን የዘጋችው ራሷ ናት።