ባሕር ያልበላት መኪና

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ማሰለስ ያወራው አንድ ወሬ ነበር፦ መኪናውን ባሕር እንደ በላት። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቅ ብሎ በሚጠፋበት፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሳይደርስ በሚደርቅበት በቆቦ ምድር የእሱ መኪና ብቻ ለምን እንዲህ እንደ ዛገች ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ ዝግጁ ነው። «አሰብ ናት የበላቻት» ይላል፣ ልጁ ጦር ሜዳ ቆስሎ በተመለሰ አባት ኩራት። ባሕር አይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ይነቀንቁለታል።

መኪናዋ ባለሁለት በር፣ ቀይ፣ የጣልያን ስሪት የስፖርት መኪና ናት። ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር በነበረበት ዘመን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቶ፣ ራሱ እየነዳ አመጣት። የአምስት ልጆች አባት ባለሁለት ወንበር መኪና ገዛ! እኔን ይህ ነገር ያስቀኛል፤ እናቴን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ሁለት ዓመት ያህል አጎራባቾቹ ከተሞች ጎብዬና ዋጃ ድረስ ሲንፈላሰስባት ከቆየ በኋላ መለዋወጫ ጠፋ። ጎማዎቿ ተነቅለው፣ ግቢያችን ጥግ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ከከተማው መንቀሳቀስ የሚችል ነገር ሁሉ ሲወሰድ እሷን ማንም አልነካትም። አንዱ ታጣቂ ኮፈኗን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው፤ «አይዟችሁ» ብሎንም ሄደ።

እኔ እዚሁ ከተማ ብየዳ አስተምራለሁ። ሴት በያጅ ለሚገርመው ሰው የብየዳ መነጽሬን አውሼው ራሱ እንዲሞክር እጋብዘዋለሁ። ሆኖም ያቺን መኪና ነክቻት አላውቅም ነበር፤ አምና የአባቴ ቀኝ ዓይን ጭልጥ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ግራውም ተከታይ ነው፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሐኪም ቤት ስንወጣ አባቴ ስለ ዓይኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ቆም አለና፣

«አንድ ጊዜ ዋጃ ድረስ ልንዳት። ከዚያ ወዲያ እንደ ፈለገ ይጨልም» አለኝ።

ሰው ፊት ላለማልቀስ ስል ከሚኒባሱ ረዳት ጋር በወንበር ተጣላሁ።

መጀመሪያ ከወልድያ አንድ የታወቀ ባትላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ አስመጣሁ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራትና፣ «ችግር የለም። ስቱኮ ሞልተን ቀለም ብንረጫት ሙሽራ ትሆናለች» አለ። ስቱኮ ቀዳዳውን ይሸፍናል እንጂ ብረት አይሆንም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መዶሻዬን አንስቼ ወለሏን አንኳኳሁለት። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የዛገ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። በሦስተኛው ምት መዶሻው ወለሉን በስቶ ከታች ያለውን መሬት መታ።

«ሙሽራይቱ በእግሯ ልትሄድ ነው» አልኩት።

ሰውዬው መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ሴት እጇን ያስገባችበት ሥራ እንደማይባረክ እየነገረኝ ወጣ። እኔም የሚገባውን መልስ መለስኩለት፤ እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ ራሴ ገባሁበት። ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ሰባት ወር። ዝገት ተንኮለኛ ነው። ከላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ያሳያል፤ ቀለሙ ሲፋቅ ግን እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይወጣል። ማታ አፍንጫዬን ያበስኩበት መሐረብ በርበሬ የተደለዘበት ይመስል ነበር። አባቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዝዘኛል። «እዚያ ጋ ትተሻል» ይለኛል። «አልተውኩም!» እለዋለሁ። እጁን ይሰድና ላሜራውን እየዳሰሰ ሄዶ በትክክል የተውኩት ቦታ ላይ ጣቱን ያቆማል። ይህ በጣም ያናድደኝ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።

ነገሩ መገለጥ የጀመረው የተሳፋሪውን ወንበር የነቀልኩ ቀን ነው። በሾፌሩ በኩል ያለው ወለል ያን ያህል አልተጎዳም። በተሳፋሪው በኩል ግን ተበልቶ አልቋል፤ የተበላውም ከላይ ወደ ታች ነው። ባሕር ቢሆን ኖሮ ከሥር ነበር የሚጀምራት። ደግሞስ ባሕር ሾፌርና ተሳፋሪ ይለያል እንዴ? ምንጣፉን ስገልጠው የተበጣጠሰ ሰሌንና ጥፍር የምታህል ነጭ ድንጋይ አገኘሁ። ላስኳት።

«ምን ትልሻለሽ?» አለ አባቴ። የቀረችው ዓይኑ ለእንዲህ ያለው ነገር አትሰንፍም።

«ምንም።»

«ደም ማነስ ካለብሽ ሐኪም ቤት ሂጅ። ዝገት አይላስም።»

«ጨው ነው» አልኩት ሳላስበው።

ፊቱ በራ። «አላልኩም! አሰብ ናት! ባሕሩ ነው! ይኸን ሁሉ ዘመን ስናገር ማን አመነኝ?»

ድንጋይዋን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩ። ባሕር ጨውን በሰሌን ጠቅልሎ አያስቀምጥም። በሰሌን የሚጠቀለለው ከአፋር በግመል የሚመጣው የከብት ጨው ነው። እሱን ደግሞ ቆቦ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት የሸጠች አንዲት ሴት አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ ምስር እየለቀመች ነበር።

ገብቼ መዳፌን ፊቷ ዘረጋሁ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ጨው ነዋ። ወጥ ልትሠሪ ነው?»

«መኪናዋ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

ዓይኗን ከምስሩ አላነሳችም። «ታዲያ የት ልታገኚው ኖሯል? አይጥ የማይገባው፣ ቁልፍ ያለው ሌላ ቤት ነበረኝ? አባትሽ አሰብ ሄዶ ወር ሁለት ወር ሲከርም፣ ይኸ የቤቱ ቆርቆሮ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። መኪናዋ አታፈስም።»

«ሦስት ወር እኮ ነው የበየድኩት! ሦስት ወር!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል። አንች የተማርሽው በዚያ ጨው ነው።» እፍኝ ምስር ወደ ወጭቱ ጨመረችና ቀጠለች። «ደግሞ ስሚ። ያችን መኪና ያመጣት ለት፣ ይዞኝ ይሄዳል ብየ ለብሸ፣ ራሴን ቅቤ ተቀብቸ ወጣሁ። ‹ቅቤሽ ወንበሩን ያበላሸዋል› አለኝና ጓደኛውን ይዞ ዋጃ ሄደ። ወላሂ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ተቀምጨባት አላውቅም። እኔን የነፈገኝን ወንበር ለጨው ሰጠሁት።»

ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንዳትነግሪው» አለች። «ባሕሩን አትውሰጅበት።»

አንገቷን ልነቃት ወይስ ጉልበቷን ልሳም ግራ ገባኝ፤ ሁለቱንም ሳላደርግ ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ የሚያስቸኩለኝ የአባቴ ዓይን ነበር። ጠዋት ሻይ ሲቀርብለት ከብርጭቆው ጎን አየሩን መጨበጥ ጀምሯል። የተበላውን ወለል ቆርጬ ጣልኩ፣ አዲስ ላሜራ ቀጥቅጬ በየድኩ፣ የፍሬን ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርኩ፣ ጎማ ገጠምኩላት። ካርቡራተር ፍለጋ ደሴ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ዕለት የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ አጥር ዘለሉ። ለቀለም ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ መኪናዋ በፀረ ዝገቱ ግራጫ ብቻ፣ አህያ መስላ ቀረች። አባቴ እጁን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ፣ «ቀዩ እንዴት አማረባት!» አለ። አላረምኩትም።

የትራፊክ ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ይፍረድብኝ፤ መብቱ ነው። በበኩሌ የምችለውን ጥንቃቄ አደረግሁ። እሁድ ማለዳ፣ አውራ ጎዳናው ገና ባዶ ሳለ፣ የጎረቤታችንን ባጃጅ ከነሾፌሩ ይዤ ከፊት ልሄድ፣ አባቴ ከኋላ ቀስ ብሎ ሊከተል ተስማማን። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። ራሷን ቅቤ ተለቅልቃለች፤ ገና በማለዳው ቅቤው ወደ ጆሮዋ መውረድ ጀምሯል። አባቴ አሸተተው። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ መኪናዋን በእጁ እየዳሰሰ ዞሮ፣ የተሳፋሪውን በር ፈልጎ ከፈተላት። እናቴ እንደ ወረዳ ባለ ሥልጣን ቀስ ብላ ገባች።

ከከተማው ስንወጣ ማሽላው በግራም በቀኝም ፍሬ ይዞ ቆሟል። አባቴ ጥሩምባውን ነፋ፤ ማርሽ ሲቀይርም ሰማሁት፣ አንዴም ሳያስጮኻት። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ብቻዬን እልል አልኩ፤ የባጃጁ ሾፌር ዞር ብሎ አየኝ። የበየድኩት ወለል ይዟል፣ አባቴ ይነዳል፣ እናቴ ተቀምጣለች። ደስታዬ ወሰን አጣ።

ዋጃ መታየት ሲጀምር ዞር ብል መኪናዋ የለችም። ክው አልኩ። ባጃጁን አስዙሬ ስመለስ መንገድ ዳር በሥርዓት ቆማለች፤ ሞተሩ ጠፍቷል። አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ተቀምጧል።

«አልተበላሸችም» አለኝ ሳልጠይቀው። «ከፊቴ አንድ ነገር ቆሞ ነበር። ሰው ይሁን ግመል አላወቅሁትም። ፍሬን ያዝሁ። ቀስ ብየ ስጠጋ ምንም የለም።» ቁልፉን ነቅሎ መዳፉ ላይ ያዘው። «ሰው ሳልገድል በቃኝ።»

አንድ አይሱዙ በአጠገባችን አልፎ መኪናዋን ናጣት። ያኔ እናቴ ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ እያየች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣

«አሰብ አይደለችም የበላቻት» አለች። «እኔ ነኝ። አንተ በሌለህ ጊዜ ጨው አከማችቸባት ነው።»

አራት ወር አፌን አስይዛኝ አሁን ነው የምትናገረው ብዬ ልጮኽ ነበር። ግን የአባቴን ፊት አየሁት፤ የእሷንም አየሁ፤ ገባኝ። ሰውዬው ኩራቱን ሲጥል ብቻውን እንዳይሆን የራሷን ጉድ አወጣችለት።

አባቴ ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላበጠ። ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲጭን የኖረ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ስንት ኩንታል ያዘች?»

«ሦስት። አንዳንዴ አራት።»

«አራት!» አለ። «አራት ኩንታል፣ ጎማ ሳይኖራት!» መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ከሚያየውም ከማያየውም ዓይኑ እንባ እስኪወርድ ሳቀ። እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። ሳቁ ሲበርድለት አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

«ያኔ ይዠሽ መሄድ ነበረብኝ።»

«አዎ፣ ነበረብህ» አለችው።

ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ወረደ። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው በባጃጅ መመለስ ነበረበት። እናቴን አየኋት።

«ምን ታይኛለሽ? እኔ አልወርድም» አለች።

አባቴ ባጃጁን ዳስሶ ወጣና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ፤ ገና ሳይንቀሳቀሱ ስለ ጎማው ንፋስ ሲቆጣው ሰማሁ። መኪናዋን አስነሥቼ አዞርኩና ከኋላቸው ገባሁ። እናቴ ወንበሩ ላይ ተደላደለች።

«ቅደሚው» አለችኝ።

መንገዱ እስከ ቆቦ ባዶ ነው። ፊት ለፊቴ በባጃጁ የኋላ ላስቲክ መስኮት የአባቴ ራስ ይታየኛል፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የቀረውን ብርሃን ይዞ ማሽላውን ይፈልጋል።

«ቅደሚው እንጅ! የስፖርት መኪና አይደለም እንዴ ይኼ?»

አልቻልኩም። እንባዬን በእጅጌ እየጠረግሁ፣ የባጃጁን ጭስ እየጠጣሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቆቦ ድረስ ተከተልኩት።