በወንድሜ ክንድ የተለካ ብስክሌት

በቅርቡ በአንድ ስብሰባ ላይ ያ ነጋዴ ሲመሰገን ሰማሁ። ለሰቆጣ አካል ጉዳተኞች ብስክሌት ያመጣ ደግ ሰው ተባለና ተጨበጨበለት። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት በክርኗ ነካ አድርጋ፣ "አንቺ አታጨበጭቢም እንዴ? ያንቺንስ የሰጠሽ እሱ አይደል?" አለችኝ። እዚያ ፊቴን ወደ መድረኩ መለስኩ። እዚህ ግን እመልስላታለሁ። አልሰጠኝም። ሸጠልኝ። ሲሸጥልኝም አንድ ጊዜ እንኳ ፊቴን አላየም።

እግሮቼ ለምን እንደማይሄዱ እዚህ አልጽፍም። እሱን ለማወቅ ሲጓጉ ያየኋቸው ሰዎች ዳገት ላይ ሊገፉኝ ሲጓጉ አላየሁም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጨው ተራ ጨው እሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድሜ አህያ ላይ ጭኖ ያወርደኛል፣ ጨዉን ፊቴ ላይ ይደረድርና አህያውን ይዞ ይሄዳል። የሚመልሰኝ ጠላው ሲያልቅ ነው። ሰው ሁሉ "እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል!" ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ ምስጋናውን ይቀበላል። የተበተነ ገበያ መሀል ብቻዬን ተቀምጬ ስጠብቀው ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቤቱ ገብቷላ።

አንድ ሐምሌ ሰማዩ ከአምደወርቅ በኩል ጠቆረ። ጨው ሻጮቹ ሁሉ እየጠቀለሉ ሮጡ። አንዷ ጎረቤቴ ጨዌን ልትይዝልኝ ፈልጋ ነበር፤ የራሷ ጭነት ጀርባዋ ላይ ነበረና አልቻለችም። ዝናቡ ሲወርድ ነጠላዬን ጨዉ ላይ ጣልኩ፣ እኔም በላዩ ተደፋሁ። ጨዉ ከሥሬ እየሟሟ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። ወንድሜ ካባራ በኋላ መጣ። ትንፋሹ ጠላ ጠላ ይላል።

"ምነው ሰው አትጠሪም ነበር?" አለኝ።

የዚያን ዕለት ወሰንኩ። በራሴ ሄጄ፣ በራሴ ሰዓት የምመለስበት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ነጋዴው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ የሕንጻ መሣሪያና የብስክሌት ዕቃ ይሸጣል። ከደሴ ጥቂት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቶች አስመጥቶ ነበር። ሁለት ጎማ ከኋላ፣ አንድ ከፊት። ወንበሩ ወደ ኋላ ጋለል ያለ ነው፤ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ያርፋል፤ ፔዳሉ ደረት ፊት ለፊት ሆኖ በእጅ ይዞራል። እንዲህ የሚያምር ብረት አይቼ አላውቅም።

ነጋዴው ወንድሜን "ጌታው፣ ለእሷ ነው?" አለው።

"አዎ።"

"ትሰማለች?"

"እሰማለሁ" አልኩ ከአህያው ላይ።

ሳቅ አለና ዓይኑን ከወንድሜ ሳይነቅል ቀጠለ። "እስኪ ይቀመጡበት ጌታው፣ ወንበሩን ላስተካክለው።" ወንድሜ ሱቁ ውስጥ፣ ከተቆለለው ቆርቆሮ ኋላ ገብቶ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጠ። ክንዱን ዘረጋ። ነጋዴው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ብሎኑን በመፍቻ አጠበቀ። ሁለቱም ተሳሳቁ። "ዙፋን ነው እኮ!" አለ ወንድሜ።

"የምነዳው እኔ ነኝ፤ የሚለካው በእኔ ነው" አልኩ።

"አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ" አለ ነጋዴው፤ ሲናገርም የሚያየው አህያውን ነበር።

አልለመድኩትም። ክንዴ ከወንድሜ ክንድ ያጥራል፤ ፔዳሉ ወደዚያ ሲርቅ ጀርባዬ ከወንበሩ ይነሳል፣ ሲመለስ እወድቃለሁ። እሱንስ በቻልኩት። ከቤቴ ወደ ገበያው የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ብጨብጠው ብስክሌቱ የሰማኝ አይመስልም። የሰው የድንጋይ አጥር ነው ያቆመኝ። የክርኔ ጠባሳ ዛሬም አለ።

በሚቀጥለው ገበያ ወንድሜ ብስክሌቱን እየገፋ ሱቁ በር ላይ አደረሰኝ።

"ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም" አለ ነጋዴው፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

"እንዲመለስ አልፈለግሁም። ወንበሩን ወደ ፊት ያቅርቡልኝ፣ ፍሬኑን ይሥሩልኝ።"

"ያ ብሎን አንዴ ከተፈታ አይጠብቅም። አዲስ ብሎን ከደሴ ነው የሚመጣው። ፍሬኑ ምንም አልሆነ፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ይሄ ለአስፋልት የተሠራ ነው።"

"ሰቆጣ ውስጥ አስፋልት የት አለ?"

"እኔ ብስክሌት እንጂ መንገድ አልሸጥኩም። ጌታው፣ እባክዎ ይንገሩልኝ።"

ወንድሜም ነገረልኝ። "ተይው በቃ። አህያው አለ አይደል?"

ክርኔ እንኳ የዚያን ቃል ያህል አላመመኝም።

ከብት ተራ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንድ ሰው እርሻ ላይ የሚተኛ በሬ ወይም የምትራገጥ በቅሎ አመሏን ሳይናገር ቢሸጥ፣ እነሱ ዘንድ ይከሰሳል። ሻጩ ይጠራል፣ ከብቱ ይፈተናል፣ አመል ከተገኘበት ይመለሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብስክሌት ይዞ እነሱ ዘንድ የሄደ ግን አልነበረም። ወንድሜ እንደማይወስደኝ ስለማውቅ አልለመንኩትም። ሁለት ጨው ሻጭ ጎረቤቶቼ አንዷ ከኋላ፣ አንዷ ከጎን ሆነው ገፉኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲያዩኝ ሳቁ። በዕድሜ የሚበልጡት ከዘራቸውን ተደግፈው ጎማዎቹን አዩና፣ "ልጄ፣ ትራገጣለች?" አሉኝ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ።

"አትራገጥም፣ አባ። ቁልቁለት ላይ ግን አትቆምም። ሻጩም አልነገረኝም።"

ሳቃቸውን አቆሙ። "እሱስ አመል ነው" አሉና ነጋዴውን አስጠሩ።

መጣ። ሽማግሌ ጠርቶት የቀረ ሰው ገበያ ውስጥ ስሙ እንደሚነሳ ያውቃል። "አባቶቼ፣ ብረት አመል የለውም" አለ።

"እንግዲያው ያውልህ ቁልቁለቱ" አሉት ሽማግሌው። "በቅሎ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ጋልቦ ያሳያል። ተቀመጥባትና ውረድ።"

ጎረቤቶቼ አንስተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ነጋዴው ብስክሌቱን አየ፣ ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየ። የፈራው ፍሬኑን መስሎኝ ነበር።

"እዚህ ሰው ፊት? ልጆቼ ቢያዩኝስ? ጤነኛ ሰው ሆኜ እዚህ ላይ..."

"ጨርሱት እንጂ" አልኩት።

አልጨረሰውም። አልተቀመጠበትምም። ለእኔ ግን "ዙፋን ነው" ሲባል አብሮ የሳቀው እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ ተነጋገሩ። በዕድሜ የሚበልጡት ተነስተው ፈረዱ፤ በገዛ በቅሎው ላይ ያልተቀመጠ ሻጭ በቅሎውን መልሶ ይውሰድ፣ የተቀበለውንም ይመልስ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ወንድሜ እጅ ነሳ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን አባቶቼ" አለ። ነጋዴውም እፎይ አለ። ሁሉም ልብሱን እያራገፈ ሊነሳ ሆነ። ሁሉም ደስ ብሎታል።

እኔ ግን የተፈረደልኝ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አህያው ነው የተፈረደልኝ።

ጎረቤቶቼን "መልሳችሁ አስቀምጡኝ" አልኳቸው። አስቀመጡኝ። "አባ፣ አልወርድም።"

"ተፈረደልሽ እኮ፣ ልጄ።"

"በሬ የመለሰ ገበሬ ሌላ በሬ ይገዛል። እኔ ከማን ልግዛ? ይሄን የሚሸጥ እሱ ብቻ ነው። ይሥራልኝ።"

"ልማዱ መመለስ ነው። በሬ አይጠገንም።"

"በሬ አይጠገንም። ይቺ ትጠገናለች።"

ወንድሜ "አታሳፍሪኝ" አለ በጥርሱ መሀል። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ጎማውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ "እኛ የምናውቀውን ፈርደናል፤ የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው ተቀመጡ። አልፈረዱልኝም፣ አልከለከሉኝምም።

ጎረቤቶቼን ወደ ሱቁ እንዲገፉኝ ለመንኳቸው። ነጋዴው ቀድሞን ገብቷል። በሩ ጠባብ ነው። ብስክሌቱን አግድም አቆምንና ዘጋነው።

አንድ ገበሬ ሚስማር ሊገዛ መጣ። "ምን ሆነሽ ነው እህቴ?"

"ፍሬን እየጠበቅሁ ነው።"

"ኧረ ነጋዴው! በየት ልግባ?"

"በላይዋ እለፍ!" አለ ነጋዴው ከውስጥ።

"ሴት ልጅ ልረግጥ? ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?" ገበሬው ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሌላም መጣ፣ እሱም ሄደ። ለመጣው ሁሉ ማን በማን ክንድ ልክ እንደሸጠልኝ ነገርኩ። ወንድሜ ማዶ ከአህያው ጋር ቆሞ ይጠብቀኛል። ይጠብቅ አልኩ፤ እኔም ጠብቄዋለሁ።

ፀሐይ ወደ ማዶ ስታዘነብል ነጋዴው መሳቢያውን ሳበ። ከደሴ የሚመጣው ብሎን ከዚያ መሳቢያ ወጣ። አንድ እፍኝ ነበር። አዲስ የፍሬን ጎማም አብሮ ወጣ።

"ክንድሽን ዘርጊ" አለኝ።

እኔን እያየ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ዘረጋሁ። መፍቻውን እየወረወረ፣ እየተሳደበ ወንበሩን አቀረበው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላመሰገንኩትም። ከዚያ በኋላ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሲመጣበት ለገዢው "ተቀመጥበት፣ ክንድህን ዘርጋ" ይል ጀመር ብለው ነግረውኛል። ዛሬ ደግ ያሰኘው ይሄ ነው። በደግነት መዝገብ ይጻፍለት፤ ማን እንዳስተማረው ግን አብሮ ይጻፍ።

በሚቀጥለው ገበያ ጨዌን ከወንበሩ ኋላ አስሬ ብቻዬን ወረድኩ። ፍሬኑ ጮኸ፣ ያዘም። ወንድሜ ከቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ፣ "ዳገቱ ላይ ትጠሪኛለሽ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ያው ሰማይ ከአምደወርቅ በኩል ጠቆረ። ጨዌን በላስቲክ ጠቀለልኩና ከሌሎቹ ጋር ተነሳሁ። ዳገቱን በቀጥታ አልቻልኩትም፤ ጭነት እንደከበደው አህያ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዝኩ፣ እያረፍኩ ወጣሁ። መዳፌ ተላጠ። ጠብታው ሲጀምር ደጄ ላይ ነበርኩ።

የቀረውን የነገሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ወንድሜ እንደ ልማዱ ጠላው ሲያልቅ አህያውን እየሳበ ወደ ጨው ተራ መጣ። እነሱ አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለው ነበር። ቦታዬ ላይ ውሃ ተኝቷል።

"እህቴስ?" አላቸው።

"ሄደች።"

"ማን ወሰዳት?"

"ማን ይወስዳታል?" አሉት። "ሄደች አልንህ እኮ።"